የተሠራ ሞተር ወይስ ያልተነካ፦ የአንድ ከብት አዳቃይ የመጀመሪያ ግዢ በጅማ

ጅማ ላይ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ደላላው «ያልተነካ» የሚለው ነው፤ ጎማው ቢያልቅም፣ ቀለሙ ቢደበዝዝም ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ። ሁለተኛው «የተሠራ» የሚባለው ነው፤ ጥርሳም ጎማ የገባለት፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የተቀየረ፣ ኋላው ከፍ ያለ፣ ባለቤቱ ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያፈሰሰበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ልቡ ወደ ሁለተኛው ቢያደላ አይፈረድበትም። እኔ የመለዋወጫ ሱቅ ስላለኝ ከግዢው በኋላ የሚመጣውን ጣጣ በየቀኑ አያለሁ። ይህ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። በዝርዝር የጻፍኩት ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አቁመን፣ በአንድ መካኒክ አስፈትሸን፣ በአንድ ዳገት ላይ ሞክረን ስለወሰንን ነው፤ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ብዙ ገዢ አያገኝም።

ሞተሩ የሚጠበቅበት ሥራ

ልጁ በሰው ሠራሽ ዘዴ ከብት የሚያዳቅል ባለሙያ ነው። መንዳት ያውቃል፤ ተቀጥሮ ሲሠራ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ነበር የሚነዳው። ሲበላሽ ጋራዥ ገብቶ ተጠግኖ ይመለስለታል እንጂ ስለ ዘይቱም ስለ ካቴናውም ተጨንቆ አያውቅም። በግሉ ለመሥራት ሲነሳ ግን የራሱ ሞተር ያስፈልገዋል፤ አዲስ ለመግዛት ደግሞ አቅሙ አይፈቅድም።

ደንበኞቹ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በማና እና በደዶ ገጠር ቀበሌዎች ያሉ ላም አርቢዎች ናቸው። ስልክ የሚደወለው ላሚቱ ድራት ስታሳይ፣ ማለትም ኮርማ ስትፈልግ ነው። ድራት ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ከግማሽ ቀን እስከ 18 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ያልፋል። ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት ደንብ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ምልክት ያሳየች ላም ማታ ትዳቀላለች፣ ማታ ያሳየች በማግስቱ ጠዋት። ያ ሰዓት ካመለጠ የሚቀጥለው ዕድል ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ለገበሬው ይህ ማለት የሦስት ሳምንት መኖ ያለ ጥቅም መቀለብና የጥጃውም የወተቱም ወቅት መገፋት ማለት ነው። ለልጁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያረፈደ አዳቃይ ሦስተኛ ጊዜ አይደወልለትም። ስለዚህ ከምንም በፊት የሚፈልገው ጠዋት በ11 ሰዓት ሲረግጠው የሚነሳ ሞተር ነው።

የሚጭነውም ዕቃ ተራ ዕቃ አይደለም። የኮርማ ዘር የሚቆየው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ናይትሮጅኑ የሚያዝበት ዕቃ የውስጥና የውጭ ግድግዳ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ አየር የተመጠጠበት ነው። የውስጠኛው ጋን በአንገቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ስለሚቆም መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ጫናው በሙሉ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው። አንገቱ ከተሰነጠቀ አየር ይገባል፣ ዕቃው ላዩ ላይ ውርጭ ያወጣል፣ ናይትሮጅኑ ተንኖ ያልቃል፣ ዘሩም ይሞታል። ክዳኑም ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋም። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ወደ 700 እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ስለዚህ መዘንበል የለበትም፣ መንገጫገጭ የለበትም፣ ከማርሚታ ሙቀት አጠገብም መሆን የለበትም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ውሳኔያችንን ከፈረስ ጉልበት ይልቅ የመራው ይህ ዕቃ ነው።

ሁለቱ ሞተሮች

ሁለቱም ቦክሰር 150 ናቸው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው። ይህን ሞተር የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ዕቃው ጅማ ሞልቷል፣ ወረዳ ከተማ ላይ ያለ መካኒክም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።

የተሠራው የአንድ ወጣት ነበር። የተጠየቀበት 185 ሺህ ብር። የፊቱም የኋላውም ጎማ ጥርሳም ነው። የፊት ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ከጎማው ርቆ ከፍ ተደርጎ ታስሯል። የኋላ ሾኮቹ ከሌላ ሞተር የመጡ፣ ረዘም ያሉና ጠንካሮች ናቸው። ካቴናው (ሰንሰለቱ) የሚያዞረው የኋላ ጥርስ ቁጥሩ ከፋብሪካው በ6 ይበልጣል። የአየር ፊልትሮ ቤቱ ተነስቶ በቦታው ክብ ትንሽ ፊልትሮ ገብቷል፤ ማርሚታው አጭርና ክፍት ነው። ሲሊንደሩም በቶርኖ ሰፍቶ ትልቅ ፒስተን ገብቶበታል። ወንበሩ እንዲያጥር የሻንሲው (የሞተሩ አጽም) ጭራ ተቆርጦ በብየዳ ተዘግቷል። ከመሪው ሥር ሁለት ነጭ መብራቶች ታስረዋል። ሥራው የንጽሕና ሥራ ነው፤ ወጣቱ ሞተሩን ይወደዋል፣ ያስታውቃል።

ያልተነካው የአንድ መምህር ነበር፤ ከጅማ ሰርቦ እየተመላለሱ ያስተማሩበት። 170 ሺህ ጠየቁበት። መልኩ ለዓይን አይማርክም። የነዳጅ ጋኑ ጎን ተፍቆ ቀለሙ ተልጧል፣ የኋላ ጎማው ልጥ ብሏል፣ የኤሌክትሪክ ማስነሻው አይሠራም፣ የሚነሳው በእግር ብቻ ነው። ወንበሩን ስናነሳ ግን ከሥሩ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘን። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የኪሎ ሜትር ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ዘይት የተቀየረባቸው። አንዳንዱ ቁጥር በላብና በአቧራ ደብዝዟል፣ አንዳንዱ አጠገብ «ካንዴላ»፣ «ካቴና» የሚል ተጽፏል። መካኒኩ መነጽሩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ልጄ፣ ከዚህ ሞተር ጋር መነጋገር ይቻላል» አለ።

ፍተሻው

ወደ ሁለቱም የሄድነው ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቀን አስቀድመን ተናግረን ነው። ይህን ማንም ገዢ እንዳይረሳ እለምናለሁ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ የቀዘቀዘ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ፣ መጀመሪያ ምን ዓይነት ጭስ እንደሚያወጣ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) አካባቢ ምን እንደሚያንኳኳ አይደብቅም። እንደደረሱ ሲሊንደሩን በእጅ መዳበስ ነው። ትኩስ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አሙቆታል፤ ለምን እንዳሞቀው ይጠየቅ።

የተሠራው በአንድ ርግጫ ተነሳ። ሰማያዊ ጭስ የለም፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደህና ነው ማለት ነው። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሲወጣ ግን ጫፉ ነጭ ሆኖ ወጣ። በደህና የሚቃጠል ሞተር ካንዴላው ቡናማ ይሆናል፤ ጥቁር ሲሆን ነዳጅ በዝቷል ወይም ዘይት ይገባል፣ ነጭ ሲሆን ደግሞ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ፊልትሮውና ማርሚታው ሲከፈቱ አየር እንደልቡ ይገባል፤ ከአየሩ ጋር የሚመጣጠን ነዳጅ እንዲመጣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳም ሰፋ ባለች መተካት ነበረባት።

መካኒኩ ወጣቱን ጠየቀው፤ «ካርቡሬተሩ ውስጥ ያስገባችሁት ስንት ቁጥር ነው?»

«እሱን እንኳ የሚያውቀው የሠራልኝ ልጅ ነው ጋሼ፤ አሁን አዲስ አበባ ገብቷል።»

«ፒስተኑስ? የየትኛው ሞተር ነው?»

«እሱንም እሱ ነው ያመጣው።»

ወጣቱ የዋሸን ነገር የለም፤ እንዲያውም ስለ ግልጽነቱ አከበርኩት። ግን ለእኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ ተወሰነ። እኔ ሱቅ ውስጥ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ደንበኛ «የቦክሰር 150 ፒስተን» ሲለኝ እጄን ዘርግቼ አወርድለታለሁ። «ምን እንደገባበት የማላውቀው ሞተር ፒስተን» ሲለኝ ግን ተፈትቶ፣ ተለክቶ፣ ምናልባትም ከአዲስ አበባ ታዝዞ ነው። እስከዚያ ላሚቱ ድራቷን ጨርሳለች።

ወጣቱ ሞተሩን ያስፋፋበት ምክንያት ከንቱ እንዳልነበረም ልናገርለት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ካርቡሬተር ያለው ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ወደ ደዶ ደጋ ሲወጣ ይብሳል። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ የሚያቃስት 150 ሲሲ የነዳ ሁሉ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። እንዲያውም አየሩ ስስ መሆኑ የነዳጁን ማነስ በከፊል ስለሸፈነለት ነው ያ ሞተር እስካሁን ሳይነክስ (ፒስተኑ በሙቀት ሳይጣበቅ) የቆየው። ያው ሞተር ቆላ ወርዶ ረጅም መንገድ ቢሮጥ የሚሆነው ሌላ ነው።

ሻንሲውን መካኒኩ በእጅ ባትሪ ከመሪው አንገት ጀምሮ አየው። የዋናው አካል ብየዳ የፋብሪካ ነው፣ አልተነካም፤ የተቆረጠው ጭራው ብቻ ነው። ግን ዕቃ መጫኛ የሚታሰረው እዚያ ጭራ ላይ ነበር። ያ ከሌለ የናይትሮጅኑን ዕቃ ወንበር ላይ ማሰር ነው፣ ወይም አዲስ ጭራ ማስበየድ። ለእሽቅድምድም የሚሆን ውበት ለልጁ ሥራ ጉድለት ሆነ። ከዚያ በላይ ያላሰብነው ነገር ደግሞ የጎን ማቆሚያው ነበር። ኋላው በረጃጅሞቹ ሾኮች ስለተነሳ ማቆሚያው አጥሮ ሞተሩ ሲቆም እጅግ ያዘነብላል። የናይትሮጅን ዕቃ የጫነ ሰው በየገበሬው ደጅ ሲያቆም እንዲህ ማዘንበሉን አይችለውም።

የመብራቱ ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ተስቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ታሽጓል። ፊውዝ የለውም። ይህ በግማሽ ቀን የሚስተካከል ስለሆነ ለዋጋ መደራደሪያ እንጂ ለመተው ምክንያት አላደረግነውም።

የመምህሩ ሞተር በሦስተኛው ርግጫ ተነሳ። ካንዴላው ቡናማ ነው። ዘይቱ ጠቁሯል፣ ግን አልነጣም። በእኛ ክረምት ወንዝ የሚሻገር ሞተር ዘይቱ ከወተት ጋር የተደባለቀ ቡና መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ጉድለቶቹ ግን ብዙ ነበሩ። ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው) ዳገት ላይ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይከተልም። ካቴናውና ጥርሶቹ አልቀዋል፣ የኋላ ጥርሱ ጫፍ ሾሎ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተን መሪውን በቀስታ ስናዞር መሀል ላይ ሲደርስ ትንሽ ይይዛል፤ የመሪው ኩሽኔታ ጎድጉዷል። የኋላ ፍሬን ሸራም የለውም ቢባል ይሻላል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «አጎቴ፣ ይሄኮ አሮጌ ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ አርጅቷል። ግን ያረጀው ሁሉ ስም አለው፣ ዋጋ አለው፣ እኔው መደርደሪያ ላይም አለ።

የጅሬን ዳገት

ሁለቱንም በአንድ ቀን ከሕርማታ ገበያ አጠገብ አስነስተን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው ዳገት ሞከርናቸው። የነዳው ልጁ ነው። የባለ 5 ሊትር ጀሪካን አፍ በሰፊው ቆርጠን ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላንበትና ደረጃውን በማርከር አሰመርን። በተሠራው ላይ መጫኛ ስለሌለው በካላማዳሪያ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ከወንበሩ ኋላ አሰርነው፤ በመምህሩ ሞተር ላይ ከኋላ ባለው የፋብሪካ ብረት ላይ።

የተሠራው ዳገቱን በላው። ልጁ ወደ ታች ማርሽ የቀየረበት ቦታ ጥቂት ነው። የኋላ ጥርሱ ትልቅ በመሆኑ ሞተሩ ለዚያው ፍጥነት 14 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ዙር ይዞራል፤ ይህ ዳገት ላይ ጉልበት፣ ሜዳ ላይ ጩኸትና ነዳጅ ነው። ኮረኮንቹ ላይ ጥርሳሙ ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ይዟል። ልጁ ሲመለስ ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ጀሪካኑን አየነው፤ ውሃው ከተሰመረው ግማሽ በታች ወርዷል፣ የልጁ ጃኬት ጀርባም ርሷል። ጠንካሮቹ ሾኮች ዘለው ለሚያርፉ እንጂ ብቻውን ቀላል ዕቃ ይዞ ለሚሄድ ሰው አልተሠሩም፤ እያንዳንዷን ድንጋይ ወደ ላይ ያስተላልፋሉ።

የመምህሩ ሞተር ዳገቱን የወጣው እየተንፏቀቀ ነው። ፍሪሲዮኑ ስለተንሸራተተ ሁለት ቦታ ላይ ልጁ በአንደኛ ማርሽ ነው ያለፈው። የላላው ካቴና ይንቃጫል። ውሃው ግን ከመስመሩ ጥቂት ብቻ ነው የጎደለው።

ያን ጀሪካን ልጁ ራሱ ነው እያገላበጠ ያየው። የእኔም የመካኒኩም ቃል ያላስለወጠውን ሐሳብ የለወጠው ያ የፈሰሰ ውሃ ይመስለኛል። የናይትሮጅን ዕቃ ዋጋ ያውቃል።

ሊብሬና ገንዘብ

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። በመምህሩ ሊብሬ ላይ ያለው ስም የራሳቸው ነው፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ ቀለሙም ከሞተሩ ጋር ይገጥማል። የተሠራው ሞተር ሊብሬ ላይ ያለው ስም ግን የወጣቱ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረ ባለቤት ነው፤ ወጣቱ የያዘው ውክልና ነው። ቀለሙም ሊብሬው ላይ ቀይ፣ ሞተሩ ጥቁር። በአገራችን የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ ቦሎ ለማደስ ሲኬድም መርማሪው የሚያየው ሞተሩ ከተመዘገበው ጋር መግጠሙን ነው። ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሞት ይቀራል። ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ሞተር ላይ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። የጀማሪ ገዢ ትልቁ አደጋ ከሞተሩ ይልቅ ወረቀቱ ላይ እንደሆነ አምናለሁ፤ ሞተር ይጠገናል፣ ባለቤቱ የጠፋ ሊብሬ ግን ስንት ደጅ ያስጠናል።

ገንዘቡ ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ሰው «ያልተነካው ርካሽ ነው» ብሎ ስለሚያስብ። አይደለም። ከመምህሩ ጋር በ163 ሺህ ተስማማን። ከዚያ በኋላ የወጣው፦ ካቴናና ጥርስ 4,500፣ የፍሪሲዮን ሸራ 2,800፣ የፍሬን ሸራ 900፣ የመሪ ኩሽኔታ 1,300፣ ሁለት ጎማ 8,000፣ የእጅ ዋጋ 2,500፣ የዕቃ መጫኛ ብረት 3,500። በድምሩ 23,500 ብር። ሲደመር 186,500 ነው፤ የተሠራው ከተጠየቀበት ዋጋ በላይ መሆኑ ነው። ከእኔ ሱቅ የወሰደውን በመጣበት ዋጋ ባልሰጠው ከዚህም ይበልጥ ነበር።

ልዩነቱ ገንዘቡ የሄደበት ቦታ ነው። በመምህሩ ሞተር ላይ የወጣው እያንዳንዱ ብር ሞተሩን ወደሚታወቅ ቦታ መለሰው። የተሠራውን ለዚህ ሥራ ለማብቃት ግን መመለስ ያስፈልግ ነበር፤ ሲሊንደርና ፒስተን፣ የፊልትሮ ቤት፣ ማርሚታ፣ ሾክ፣ ጥርስ፣ የመብራት ገመድ፣ ጭራውን ማስበየድ። ሌላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የለወጠውን አንተ ደግሞ ከፍለህ ስትመልስ ሁለቱንም ወጪ የምትሸከመው አንተ ነህ፤ የሻጩ ዋጋ ውስጥ ማሠሪያው ተጨምሮ ነበርና።

ይህን ስል የተሠራ ሞተር ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያ የሚሉ አሉ፣ አልስማማም። በብሎን የታሰረና በብሎን የሚፈታ ለውጥ ገዢውን አይጎዳም፤ ጎማ፣ የመከላከያ ብረት፣ መጫኛ፣ በሥርዓት የተዘረጋ መብራት ካለ እንዲያውም ወጪ ያቀልለታል። ያ ወጣት ፓራፋንጎውን ከፍ ማድረጉ ትልቅ ማስተዋል ነው። የእኛ ቀይ አፈር ክረምት ላይ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን እስከማቆም ይደርሳል፤ ያን መንገድ የገፋ ሁሉ እንጨት ይዞ ጭቃ ሲጠርግ አምሽቷል። እኛም ይህንኑ ቀዳን። የመምህሩን ሞተር የፊት ፓራፋንጎ ብየዳ ቤት ወስደን በመያዣ ብረት ከፍ አስደረግነው፤ የገዛነውም ጎማ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ፣ አስፋልትም ኮረኮንችም የሚችል ነው። የተቆረጠ ሻንሲና የተከፈተ ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን የሚገዛ ሰው ከዕቃው ጋር የሠራውን እጅ እውቀት ካላገኘ የገዛው ግማሹን ነው።

ከግዢው በኋላ

የተሠራውን ሞተር የገዛው ጋራዥ ያለው ወጣት ነው። ፈትቶ አየው፣ የነዳጅ ማሳለፊያውን ለወጠው፣ አሁን በከተማው ሲሄድ ድምፁም ተስተካክሏል። ሲበላሽ ራሱ ፈትቶ ራሱ የሚገጥመው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትክክለኛው ሞተር ያ ነበር።

ልጁ መጫኛውን በራሱ አሳብ ነው ያሠራው። የእንጨት ሳጥን ውስጡ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጦ የናይትሮጅኑ ዕቃ ቀጥ ብሎ ይገባበታል፤ ሳጥኑ ከብረቱ ጋር በብሎን ሳይሆን በአራት የካላማዳሪያ ቁራጮች ተወጥሮ ነው የታሰረው፤ ጎማው መንገጫገጩን ይውጠዋል። የመጀመሪያው ሳጥን ሰፊ ስለነበር ዕቃው ውስጡ ይላወስ ነበር፤ ሁለተኛው በልክ ተሠራ። የኤሌክትሪክ ማስነሻውን አላስጠገነውም፣ በርግጫ መነሳቱ በቂው ነው ብሎ። የዘይቱን ኪሎ ሜትር ግን በመምህሩ ፕላስተር ላይ፣ ከእሳቸው የመጨረሻ ቁጥር ሥር ጀምሮ ይጽፋል።

በክረምቱ ፍሪሲዮኑን አንድ ጊዜ አስተካክሏል፣ ካቴናውን ደግሞ በየጊዜው ያጠብቃል፤ በመሀሉ ተጭኖ ወደ ላይና ወደ ታች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር እንዲላወስ አድርጎ። ጭቃ ላይ ይህን ያልተከታተለ ካቴና በወራት ያልቃል።

አሁን ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ወደ ደዶ ለሚወጣበት ዳገት የኋላ ጥርሱን በ2 ብቻ እንዲጨምር እኔ መክሬዋለሁ፤ በብሎን የሚታሰር፣ ነገ የሚመለስ ለውጥ ስለሆነ። መካኒኩ ደግሞ ወደ ማናና ወደ ሰቃ በሚሄድበት አስፋልት ላይ ነዳጅ ይበላበታል፣ ፍሪሲዮኑ አዲስ ከሆነ ወዲህ ዳገቱን በፋብሪካው ጥርስ እየወጣ ነው ይላል። ልጁ ሁለታችንንም ሰምቶ፣ የደዶ ደንበኞቹን ቁጥር አስቦ፣ ይህ ካቴና አልቆ ሙሉው ዕቃ በአንድነት እስኪቀየር እንዲቆይ ወስኗል።